የዘርን ሕይወት በቀለም ስለ መመርመር

በሚያዝያ ወር በጭሮ ከተማ፥ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፥ እህል ተራ ገብቶ የተመለከተ ሰው ከአንዱ ጆንያ ማሽላ ለሁለት ዐይነት ገዢ ሲሰፈር ያያል። አንደኛው ገዢ ወደ ወፍጮ የሚወስድ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ማሳ። የመጀመሪያው የገዛው እህል ደኅና መሆኑን በዚያው ቀን ማታ ከምጣዱ ላይ ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን የሚያውቀው ዘርቶ፥ አፈር አልብሶ፥ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ቀን ከጠበቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማሳውን ባዶ ሆኖ ቢያገኘው የመጀመሪያው ዝናብ አልፏል፤ ዳግመኛ የሚዘራው ዘርም በቤቱ የለም።

አንድ ቀን ከአንዲት እህል ሻጭ እናት ዘንድ ቀርቤ፥ በምችለው ኦሮምኛ፥ «እናቴ፥ ይህ ማሽላ ለዘር ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፥ «ልጄ፥ ለገንፎ ከሆነ ልስፈርልህ፤ ለዘር ከሆነ ግን ከጉድጓድ የወጣ ነውና ኋላ እንዳትረግመኝ» አሉ። ያለ ሚዛንና ያለ ማጉያ መነጽር የተሰጠ ፍርድ ነው። ከዚያው ማሽላ ጥቂት ገዝቼ ወደ ኮሌጅ ይዤ ተመለስሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር የተጀመረው ከዚያ ነው።

ጽሑፉ የሚያብራራው ቴትራዞሊየም በተባለ ቅመም አማካይነት፥ ዘር በሕይወት መኖሩና አለመኖሩ በአንድ ቀን ውስጥ የሚለይበትን ዘዴ ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በየአገሩ በዘር ምርመራ ቤቶች የተለመደ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ «ቀይ የሆነው ሕያው፥ ነጭ የሆነው ሙት» በሚል አጭር ቃል ይታለፋል። ይህ አነጋገር እውነት ቢሆንም የነገሩን ግማሽ ይተወዋል። ቀለሙ በየትኛው የዘር አካል ላይ እንደያዘና በየትኛው ላይ እንዳልያዘ ያስተዋለ ሰው፥ ዘሩ መሞቱን ብቻ ሳይሆን በምን ምክንያት እንደሞተ ለመገመት ይችላል። ለጭሮ፥ ለሚኤሶ፥ ለሂርናና ለገለምሶ ገበሬ ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው ሁለተኛው ዕውቀት ይመስለኛል። (ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

የተለመደው የዘር ፈተና ማብቀል ነው። ዘሩ ተቈጥሮ ከእርጥብ ወረቀት ወይም ከአሸዋ ላይ ይቀመጥና፥ ደኅና ቡቃያ ያወጣው ይቈጠራል። ይህን ሥራ በደንብ አቋቁሞ የመጀመሪያውን የዘር ምርመራ ቤት በ1869 በሳክሶኒ፥ ታራንት በተባለች ከተማ የከፈተው ፍሪድሪኽ ኖበ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማኅበር በ1924 ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ለየሰብሉ የቀኑ ቍጥር በሕግ ተወስኗል። ማሽላ በአራተኛው ቀን መጀመሪያ ይቈጠርና በዐሥረኛው ይደመደማል፤ በቈሎ በሰባተኛው፥ ቦሎቄ በዘጠነኛው ቀን ያልቃል።

ዐሥር ቀን ለቤተ ሙከራ ሰው አጭር ጊዜ ነው። በሚኤሶ ቆላ ዝናብ ሲጥል አይቶ በማግስቱ በሬ የሚጠምድ ገበሬ ግን ዐሥር ቀን የለውም። በምዕራብ ሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ የሚዘሩት እንደ ሙይራና ፈንዲሻ ያሉት ማሽሎች በማሳ ላይ ብዙ ወራት የሚቈዩ ስለሆኑ በበልጉ ዝናብ መዘራት አለባቸው፤ ያ ጊዜ ካለፈ በአጭር ጊዜ የሚደርስ ሌላ ዘር መፈለግ ግድ ይሆናል። ዝናቡ ጀምሮ ሲቋረጥ አንዱ ማሳ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘራል። በየጊዜውም የቤቱ ዘር እያለቀ ሰው ወደ ጎረቤትና ወደ ገበያ ይሄዳል። ሾን ማክጋየር የተባሉ ተመራማሪ በዚሁ በጭሮና በሚኤሶ አካባቢ የማሽላ ዘር እንዴት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ አጥንተው በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ የችግር ጊዜ መንገድ በሰፊው ገልጸውታል። በ2015 እና በ2016 በአገሩ ላይ የደረሰው ድርቅም የዘር ነገር ምን ያህል ቀጭን ክር ላይ እንደተንጠለጠለ አሳይቷል።

እንግዲህ ሳያበቅሉ ዘርን የመመርመር አሳብ ከዚህ ዐይነቱ ችኰላ የመጣ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሙቱን ማቅለም ነበር። ኔሊዩቦቭ የተባለ ሩስያዊ በ1925 ኢንዲጎ ካርሚን በተባለው ሰማያዊ ቀለም ተጠቀመ። የሕያው ሕዋስ ሽፋን ይህን ቀለም ወደ ውስጥ አያስገባም፤ የሞተ ሕዋስ ግን በሩ ስለተሰበረ ቀለሙ ገብቶ ሰማያዊ ያደርገዋል። ቀጥሎም በ1930ዎቹ ዓመታት ሃሴጋዋ የተባለ ጃፓናዊና ጀርመኖች ተከትለውት የሴሌኒየም ጨዎችን ሞከሩ። በዚህኛው ዘዴ የሚቀላው ሕያው አካል ነበር፤ ነገር ግን የሴሌኒየም ጨው መርዝ ስለሆነ ለሚሠራበት ሰው አደገኛ ሆነ። በሆሄንሃይም የዘር ምርመራ ቤት ይሠራ የነበረው ጌዎርግ ላኮን ከሴሌኒየም የሚሻል ነገር ይፈልግ ጀመር።

የተፈለገው ነገር ለካ ቀድሞውኑ በኬሚስቶች መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። የቴትራዞሊየም ጨውን ፎን ፔኽማን ከባልደረባው ጋር በ1894 ሠርቶት ነበር፤ ነገር ግን ለአርባ ሰባት ዓመት ያህል ከሕያው ነገር ጋር ያለውን ግንኙነት ያስተዋለ አልነበረም። በ1941 ኩንና ዬርኸል የተባሉ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ይህ ጨው ሕያው ከሆነ ነገር ጋር ሲገናኝ እንደሚቀላ ገለጹ። ላኮን ወዲያው በዘር ላይ ሞክሮ በ1942 አሳተመው። በጦርነቱ ምክንያት ዘዴው ከጀርመን ውጭ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ በ1949 ላኮን ራሱ በአንድ የአሜሪካ የዕፀዋት መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ አብራርቶ ጻፈው። ላኮን ለዘዴው በሰጠው ስም ውስጥ «ቦታን የሚያሳይ» የሚል ቃል ጨምሮበታል፤ ሊቁ ገና ከመጀመሪያው የቀለሙን መኖር ብቻ ሳይሆን የቀለሙን ቦታ ማንበብ እንደሚገባ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ስሙን አሳጥረን ስንጠራው ቦታውንም ጥለነዋል።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። ደረቅ ዘር የተኛ እንጂ የሞተ አይደለም። ውሃ ሲጠጣ በሕዋሶቹ ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች ይነቃሉ፤ ስኳሩንና ሌላውን ምግብ እየሰባበሩ መተንፈስ ይጀምራሉ። ከእነዚህ ኤንዛይሞች መካከል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባሉት ሥራቸው ከምግቡ ላይ ሃይድሮጂን እያነሡ ለሌላ ተቀባይ ማስተላለፍ ነው። በዚህ ጊዜ የቴትራዞሊየም ብጥብጥ በአጠገባቸው ካገኙ ሃይድሮጂኑን ለእርሱ ያስረክቡታል። የቴትራዞሊየም ሞለኪዩል አራት ናይትሮጂንና አንድ ካርቦን ያሉበት ቀለበት አለው፤ ሃይድሮጂኑን ሲቀበል ቀለበቱ ይከፈትና ፎርማዛን ወደሚባል ቀይ ነገር ይለወጣል። ብጥብጡ ራሱ ቀለም የለውም፥ በውሃም በደንብ ይሟሟል። ፎርማዛን ግን በውሃ አይሟሟምና ከተወለደበት ሕዋስ ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ አይፈስም። የዘዴው ዋጋ ሁሉ ያለው በዚህች ጠባይ ላይ ነው፤ ቀዩ ያለበት ቦታ በእርግጥ የተነፈሰው ቦታ ነው።

በማሽላ ላይ ሥራው እንዲህ ነው። ዘሩ ሳይመረጥ እንደመጣ ይቈጠርና ሌሊቱን በእርጥብ ወረቀት መካከል ያድራል። ጧት እያንዳንዱ ፍሬ በአዲስ ምላጭ ከላይ ወደ ታች በሽሉ መካከል ይሰነጠቃል። ሽል የምንለው ወደ ፊት ተክል የሚሆነውን ትንሹን አካል ነው፤ በማሽላ ፍሬ አንድ ወገን ላይ እንደ እንቁላል ቅርጽ ጎድጎድ ብሎ ይታያል። አንድ ግራም ቴትራዞሊየም በመቶ ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይበጠበጣል፤ ይህ 1 ከመቶ የሚባለው ነው። ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 7.5 እንዲሆን በፎስፌት ጨው ይስተካከላል፤ ብጥብጡ ወደ አሲድ ካዘነበለ ሕያው ዘር እንኳ በደንብ አይቀላም። የተሰነጠቀው ዘር ብጥብጡ ውስጥ ገብቶ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፥ በጨለማ፥ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቈያል። ጨለማው ያስፈለገበት ምክንያት ብርሃን ብቻውን ብጥብጡን ስለሚያቀላው ነው። ከዚያ በውሃ ታጥቦ፥ ሳይደርቅ፥ በማጉያ መነጽር ይታያል።

ከዚሁ ጋር ሁል ጊዜ ጥቂት ፍሬ በፈላ ውሃ ቀቅሎ አብሮ ማቅለም ይገባል። የተቀቀለው ከቀላ ስሕተቱ ያለው በብጥብጡ ወይም በሠራተኛው ላይ ነው።

ስለ ሠራተኛው ስሕተት ከተነሣ የራሴን ልናገር። መጀመሪያ በሞከርሁ ጊዜ ከሰነጠቅኋቸው ፍሬዎች ብዙዎቹ ነጭ ሆነው ስላየኋቸው ዘሩ ሙት ነው ብዬ በመዝገብ ጻፍሁ። አንድ መምህሬ ምንም ሳይናገሩ ከዚያው ዘር እፍኝ ወስደው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉ፤ በአምስተኛው ቀን ቡቃያውን በሳህን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። ምላጬ ሽሉን ስቶ በዱቄቱ ክፍል ሲያልፍ ቈይቷል። የማሽላ ዱቄት፥ የበቈሎም የስንዴም እንዲሁ፥ በደኅና ዘር ውስጥ እንኳ ሕይወት የሌለው የስንቅ ቋት ነውና አይቀላም። እኔ ያየሁት ስንቁን እንጂ ተጓዡን አልነበረም።

በደንብ የተሰነጠቀ ሕያው ማሽላ ሽሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ቀይ ቀለም ይይዛል፤ ሥጋውም ሲነካ ጠንከር ያለ ነው። ጥልቅና ጥቍር ያለ ቀይ ሲታይ ብዙ ሰው «ይህ ይበልጥ ጠንካራ ነው» ይላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የተቀጠቀጠ ወይም ያረጀ ሥጋ ሽፋኑ ስለላላ ብጥብጡ ፈጥኖ ይገባበትና ከጤነኛው ቀድሞ ይጠቍራል፤ ይህ ለመሞት የቀረበ አካል ነው። ፈጽሞ የሞተው ነጭና ልል ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ በሐረርጌ ብዙዎቹ ማሽሎች ቀይ ወይም ቡና ዐይነት ቅርፊት ስላላቸው፥ ቅርፊቱ ለንክሩ ውሃ የሚሰጠው ቀለም ዐይንን እንዳያሳስት የሚታየው የተሰነጠቀው ፊት ብቻ መሆን አለበት።

ቀለሙ በከፊል ሲይዝ ነው እንግዲህ ማንበብ የሚያስፈልገው። ሽል ሦስት ዋና ነገር አለው፤ ቡቃያው የሚወጣበት ጫፍ፥ ሥሩ የሚወጣበት ጫፍ፥ እና ሽሉንና ስንቁን የሚያገናኘው ጋሻ መሰል አካል። ጋሻው ቀልቶ ቡቃያው ነጭ ከሆነ ስንቅ አቀባይ አለ፥ ተቀባይ ግን የለም፤ ይህ ፍሬ ከሙት ይቈጠራል። በጋሻው ዳር ትንሽ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ቢታይ ግን ፍሬው ሊበቅል ይችላል። ምን ያህል ነጭ እንደሚፈቀድ ለየሰብሉ በዓለም አቀፉ ማኅበር ሕግ ተወስኗልና ከዚያ መመልከት ይሻላል።

ከገበያ ያመጣሁት ማሽላ በዚህ ዐይን ሲታይ የሻጯን ቃል ደገፈ። ብዙዎቹ ሽሎች አንድ ወገናቸው ብቻ የተጎዳ አልነበሩም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የገረጡ፥ ሲነኩም የሚላሉ ነበሩ። ነቀዝ የበላው ፍሬ እንዲህ አይደለም። ነቀዝ ቀዳዳውን ትቶ፥ የበላውን በልቶ፥ የተረፈው ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ነጩና ቀዩ ድንበራቸው የተለየ ነው። መላው ሽል በእኩል ሲገረጣ ግን ጥፋቱ የመጣው ከእርጥበትና ከሙቀት መሆኑን ያመለክታል።

ጉድጓዱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን የሚያኖርበት ጉድጓድ አፉ ጠባብ፥ ሆዱ ሰፊ ሆኖ በመሬት ውስጥ የተቈፈረ ነው፤ አፉ በእንጨት ወይም በድንጋይ፥ በአገዳ፥ በእበትና በአፈር ይደፈናል። ለምግብ እህል ብልህ አሠራር ነው። እሳት አያገኘውም፥ ሌባና አይጥ በቀላሉ አይደርስበትም። እህሉ ራሱ ሲተነፍስ ኦክሲጅኑ እያነሰ፥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየበዛ ስለሚሄድ ነቀዙም ይታፈናል። ነገር ግን ከግድግዳውና ከወለሉ እርጥበት ይገባል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ደግሞ ሻጋታ ይነሣል፥ የዘሩም ዕድሜ ያጥራል። ሃሪንግተን የተባለ የአሜሪካ የዘር ሊቅ ባወጣው የታወቀ ደንብ መሠረት፥ የዘር እርጥበት በ1 ከመቶ በቀነሰ ቍጥር የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል፤ የማኖሪያው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስም እንዲሁ። ደንቡ የሚሠራው እርጥበቱ ከ5 እስከ 14 ከመቶ ባለው መካከል ነው። ወደ ኋላ ሲነበብ ደግሞ፥ በጉድጓድ ውስጥ እርጥበቱ በሦስት ከመቶ የጨመረ ማሽላ ዕድሜው ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል ማለት ነው።

ገበሬው ይህን ቍጥር ባያውቅም ነገሩን አጥቶት አያውቅም። የዘር ማሽላውን ከጉድጓድ አያገባም፤ በመከር ጊዜ ከማሳው የመረጠውን ዘለላ ሳይወቃ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ጭሱ ነቀዙን ያባርራል፥ የምድጃው ሙቀት እርጥበቱን ያደርቃል። ችግሩ የሚመጣው የተሰቀለው ዘር በመጀመሪያው ዝናብ ተዘርቶ ከጠፋ በኋላ፥ ለዳግመኛው ዘር የጉድጓዱ እህል ሲከፈት ነው። ከአንዱ ቤት የምድጃና የጉድጓድ ዘር አብሮ ወስዶ በቀለም ማወዳደር ለማናችንም ተማሪ የሚያስቸግር ሥራ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ምላጭ፥ ጥቂት ግራም ቅመምና የባለቤቱ ፈቃድ ነው።

የቦሎቄ ነገር ሌላ ነው። ቦሎቄ ባለ ሁለት ክክ ስለሆነ ሽሉ በሁለቱ ክኮች መካከል በአንድ ጫፍ ተጠግቶ ተቀምጧል፤ ሥሩም ከቅርፊቱ ሥር ከላይ ተጋልጦ ይገኛል። እጅግ ደርቆ በዱላ ሲወቃ ምቱ የሚያርፈው በዚህች የተጋለጠች ሥር ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ ፍሬው ሙሉና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሲቀለም ግን በሥሩ መጋጠሚያ ላይ ጥቍር ቀይ ሰንበር፥ ወይም ክኩን አቋርጦ የሚሄድ ነጭ ስንጥቅ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ጉዳት የጎተራ ለውጥ አይፈውሰውም፤ መድኃኒቱ ያለው በአውድማው ላይ፥ ከመጠን በላይ ሳይደርቅና በቀላል ምት በመውቃት ነው። ሁለት ጆንያ ቦሎቄ እኩል ግማሽ ግማሻቸው ሙት ሆኖ፥ አንዱ በእርጥበት ሌላው በዱላ ሊሞት ይችላል፤ የማብቀል ፈተና ለሁለቱም አንድ ቍጥር ይሰጣል።

ጫት ከቅርንጫፍና ከሥር ቡቃያ እንጂ ከዘር ስለማይተከል በዚህ ጽሑፍ ቦታ የለውም፤ በዚህ አገር ስለ ተክል ተጽፎ ጫት ሲታለፍ ቅር የሚለው አንባቢ ይታገሠኝ።

ወደ ቡና ስንመጣ የቀለሙ ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልግበት ስፍራ እንደርሳለን። የቡና ዘር በመደብ ላይ ከተዘራ ብቅ እስኪል ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር ይበልጣል፤ ቀዝቀዝ ባለ አገር ሁለት ወር ሊሞላው ይችላል። በሌላ ወገን የቡና ዘር ሕይወቱ አጭር ነው፤ እንደ ነገሩ ከተቀመጠ በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉ ይወድቃል። ዕድሜው አጭር፥ ፈተናው ረጅም በመሆኑ፥ በማብቀል የተፈተነ የቡና ዘር ውጤቱ ሲታወቅ ዘሩ ራሱ አርጅቶ ይገኛል። ከላይ የጠቀስነው የሃሪንግተን ደንብም ለቡና አይሠራም። ኤሊስ፥ ሆንግና ሮበርትስ በ1990 እንዳሳዩት ቡና እንደ ማሽላ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ዕድሜው የሚረዝም ሳይሆን፥ ከመጠን በላይ መድረቅና ብርቱ ቅዝቃዜ የሚጎዱት መካከለኛ ዐይነት ዘር ነው። የአገራችን የቡና ዝርያዎች በቀዝቃዛ ክፍል በዘር መልክ ሳይሆን በጅማ ዞን በጮጬ፥ በምዕራብ ሐረርጌም በበደሳ በተቋቋሙት ማሳዎች በቁም ተክል የሚጠበቁት ስለዚህ ነው።

ለምርመራው የቡናው ደረቅ ቅርፊት ይላጣል፤ ፍሬው አንድ ቀን ተኩል ወይም ሁለት ቀን ይነከራል፤ ከዚያ በእብጠቱ ወገን፥ በአንዱ ጫፍ፥ ቀስ ተብሎ ይቈረጥና ሽሉ ይወጣል። ሽሉ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፥ ነጭ፥ ማንኪያ የመሰለ ነገር ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው በጉጠት ይቀጠቅጠውና የራሱን የጉጠት ምልክት የዘሩ በሽታ አድርጎ ያነበዋል። በቡና የሽሉ ዙሪያ ሥጋም እንደ ማሽላ ዱቄት ሙት አይደለም፤ ሕያው ስለሆነ እርሱም መቅላት አለበት። በፀሐይ እጅግ የደረቀ ወይም ከጀንፈል የተፈለፈለ ዘር በዚህ ሥጋ ላይ ነጭ ነጭ ጥፋት ያሳያል።

ብራዚላውያን በዚህ በቡና ላይ ደስ የሚያሰኝ ነገር ጨምረዋል። ቅርፊቱ የተላጠ የቡና ዘር በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ብጥብጥ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሲቈይ የተጎዳውና የሞተው ሥጋ አረንጓዴ ይሆናል። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ማለት በየሱቁ የሚሸጠው የልብስ ማንጫ በረኪና ዋና ነገር ነው። የቴትራዞሊየም ጨው ከውጭ የሚመጣና ውድ ነው፤ በረኪና ግን በገለምሶም በበደሳም ይገኛል። ቀለሙ ሥጋውን እንጂ ሽሉን ለብቻው አያሳይምና ቴትራዞሊየምን ፈጽሞ አይተካም። በሱቅ በረኪና ላይ ያለው የክሎሪን መጠንም በየጠርሙሱ ስለሚለያይና በመቈየት ስለሚደክም፥ ደኅና መሆኑ አስቀድሞ በታወቀ ዘርና በተቀቀለ ዘር ሳይመዝኑ በእርሱ መፍረድ አይገባም።

አሁን የዘዴውን ድካም ሳልናገር ብቀር አንባቢን ማታለል ይሆናል። ቀለሙ የሚመልሰው «ይተነፍሳል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ገበሬው የሚጠይቀው ግን «ይበቅልልኛል ወይ?» ብሎ ነው። አዲስ የታጨደ ማሽላ አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ በጨርቅ ሲጠቀለል አይበቅልም፤ ቢቀለም ግን ይቀላል። እዚህ ላይ ቀለሙ ከጨርቁ አርቆ አይቷል። በተቃራኒው በዘሩ ላይ ተሸሽጎ የሚኖር የሻጋታ በሽታ ቡቃያውን በአፈር ውስጥ ሊገድለው ይችላል፤ ቀለሙ ያን አይነግረንም። በመድኃኒት መብዛት የተጎዳ ዘርም ደኅና መስሎ ሊቀላ ይችላል። ከዚህም የሚብሰው፥ ሻጋታ ራሱ ሕያው ስለሆነ ቴትራዞሊየምን ያቀላል፤ ከጉድጓድ የወጣ ሙት ዘር ላይ ሮዝ የመሰለ ስስ ቀለም ካየን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

የቍጥሩም ነገር እንዲሁ ነው። ከመቶው 80 ሕያው የሆነ ዘር ከጆንያው መቶ ፍሬ ብቻ ተወስዶ ቢመረመር፥ በአጋጣሚ ብቻ ውጤቱ ከ72 እስከ 88 ባለው መካከል ሊወርድና ሊወጣ ይችላል። አራት መቶ ፍሬ ሲመረመር ልዩነቱ ከ76 እስከ 84 ወዳለው ይጠባል። ከጆንያው አፍ ብቻ የተዘገነ ከሆነ ግን አራት መቶም አራት ሺህም ዋጋ የለውም፤ የጉድጓድ እህል ከመሐሉ፥ ከግድግዳው ጥግና ከወለሉ የወጣው ጠባዩ አንድ አይደለምና ከየስፍራው ለየብቻ መወሰድ አለበት።

ግማሹ ሕያው ነው ተብሎ የተነገረው ገበሬ እጥፍ ልዝራ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም። በእርጅና ግማሹ በሞተ ዘር ውስጥ የተረፈውም ግማሽ ደክሟል፤ በለሰለሰና በረጠበ አፈር ይወጣ ይሆናል፥ ደረቅ ቅርፊት ባበጀ አፈር ግን ይቀራል። በነቀዝ ግማሹ የተበላ ዘር ሌላ ነው፤ ያልተነካው ፍሬ ብርታቱ ሙሉ ሊሆን ስለሚችል ለቅሞ ወይም እጥፍ አድርጎ መዝራት ያዋጣል። ሁለቱን የሚለየው የቀለሙ ቦታ ነው።

በእኔ ሥራ ላይ ከእያንዳንዱ ምርመራ ጋር ከዚያው ዘር መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ማስቀመጥን ልማድ አድርጌዋለሁ። ቀለሙ በማግስቱ ይናገራል፤ ጨርቁ በዐሥረኛው ቀን ይመሰክርለታል ወይም ይመሰክርበታል። ሁለቱ ሲለያዩ የተሰነጠቁት ፍሬዎች እንደገና በመነጽር ይታያሉ። ስለዚህ የተቀለሙትን ከመጣል ይልቅ ጨርቁ እስኪከፈት ድረስ በእርጥብ ወረቀት ሸፍኖ፥ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ማቈየት ይሻላል።